አጥሚቱም ተመለሰ

የቄስ ሚስት ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ሰው ባልሽን የሚያየው በአንቺ በኩል ነው፤ አንቺንም የሚያይሽ በባልሽ በኩል ነው። ባሌ ቀድሶ ሲወጣ ሕዝቡ መስቀሉን ይሳለምና ዞር ብሎ እኔን ያየኛል። ነጠላዋ ነጭ ነው? ከማን ጋር ቆማ ታወራለች? እኛ አገር ክህነት የሁለት ሰው ነው ይባላል። ሚስት ከወሰለተች የባሏ ክህነት ይፈርሳል፤ እሱ ከወሰለተም ያው ነው። ስለዚህ ቄስና ሚስቱ አንዳቸው የሌላው ዋስ ሆነው ነው የሚኖሩት።

ብርቅነሽ እባላለሁ። መካነ ሰላም ከተማ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። አፌ ፈጣን ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ቀድሞሽ ነው የተወለደው» ስትለኝ እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር። ባሌን ሰው ሁሉ መምሬ መልካሙ ይለዋል። ሰው ፊት እኔም አንቱ እለዋለሁ፤ በር ዘግተን ከገባን በኋላ ግን አንተ ነው። እሱ ረጋ ያለ ነው። እኔ ብዙ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ቃል ይመልሳል፣ እሷንም አስቦባት። ንግግሩ ቁጥብ ይሁን እንጂ ዜማው የተለየ ነበር፤ ለድምፁ ብለው ከሌላ አጥቢያ ተነሥተው የሚመጡ ምእመናን ነበሩ።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል። መልካሙ ያን ሳምንት ሰሞነኛ ነበር። ሰሞነኛ ሳምንቱን ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን አገልግሎት ይይዛል፤ ከቤቱ ይወጣል፣ ከሚስቱ ይለያል፣ የሚያድረውም ግቢው ውስጥ ካለችው የሰሞነኞች ጎጆ ነው። ደብራችን ከከተማው ወጣ ብላ አፋፍ ላይ ስለሆነች ሳምንቱን አልተያየንም። በስልክ አንድ ጊዜ ተገናኝተን «ደኅና ነኝ፣ ራሴን ትንሽ ያዞረኛል» ብሎኝ ነበር። «ጾም ነዋ የሚያዞርህ» ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

እሑድ ለቅዳሴ በጠዋት ደረስኩ። የሴቶቹ በኩል ቆሜ ድምፁን ስጠብቅ የሰማሁት ስቅታ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ እሱ ውስጥ ነው፤ ዜማውን ይጀምራል፣ ስቅታው ይቆርጠዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሴቶቹ ተያዩ። ቆይቶ ድምፁ መሀል ላይ ሻከረና ጠፋ። ሌላው ቄስ ከአፉ ተቀብለው ቀጠሉ። ለማቁረብ የወጡትም እሳቸው ናቸው፤ መልካሙ አልወጣም።

ውስጥ የሆነውን እኛ አላየንም። ነገር ግን መቅደስ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስት ሰው ያየውን ግቢ ሙሉ ሰው ለመስማት ብዙ አይፈጅበትም። ገና ሕዝቡ ሳይሰናበት ወሬው ከኋላዬ በሹክሹክታ መጣ። መምሬ መልካሙ ሲቆርብ ሥጋውን እንደ ምንም ተቀብሏል፤ ደሙን ግን መዋጥ አቅቶት በሳል ታፍኖ፣ በአፍንጫው ተመልሷል።

ይህን ለሌላ እምነት ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። ቆርበን ስንወጣ እንኳ ምራቃችንን አንተፋም፤ በባዶ እግር አንሄድም፣ እንቅፋት መትቶን እንዳንደማ። እንዲህ የምንፈራውን ነገር፣ ያውም ካህኑ፣ ያውም መቅደስ ውስጥ! ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ቁርባኑ አልቀበለው አለ» አለች። ሌላዋ አማተበች። ከዚያ ሁሉም ዐይን ወደ እኔ መጣ።

እንዴት እንዳፈርኩ! ምንም አላጠፋሁም፤ ግን ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩት። ያላጠፋ ሰው እንዲህ ያፍራል ብዬ አላስብም ነበር። ወደ ግቢው ወጥቼ የጽዱ ዛፍ ሥር ቆምኩ።

የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ይርዳው ናቸው፤ መልካሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማሩት ሽማግሌ። ከሰው ነጠል አድርገው ከዛፉ ሥር ጠሩኝ። መልካሙም ወጥቶ እዚያው ቆሟል፤ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ግንቡን በእጁ ይዞ፣ ቀኝ ዐይኑ ግማሽ ተከድኖ። ቀና ብሎ አላየኝም። ይህን ሁሉ የኃፍረት ምልክት ነው ብዬ ነው ያነበብኩት።

አለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማ ተጠንቅቀው፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ አንቺን ልፈርድ አይደለም። ግን ወግ ነውና ልጠይቅሽ። በቤታችሁ የተሠራ ነገር አለ?»

በቀስታ «የለም፣ አባቴ» ብል ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ለዚሁ ነው ገለል ያደረጉኝ። እኔ ግን ከኋላዬ ያሉት ሴቶች እንዲሰሙ ፈለግኩ። ያ ሁሉ ዐይን ከላዬ እንዲነሣ ፈለግኩ።

«እኔ ንጹሕ ነኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «እኔን ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ? እሱን ጠይቁት! ሳምንቱን ሙሉ የት ሲያድር እንደሰነበተ እኔ አላውቅም!»

ሰው ፊት እሱ ብዬው እንኳ አላውቅም ነበር። መልካሙ አፉን ከፈተ። የወጣው እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚንሿሿ ትንፋሽ ነው፤ ቃል አልነበረውም። ስቅታው መጣና እሱንም ቆረጠው። አለቃ መሬት መሬቱን አዩ። ሴቶቹ ዐይናቸውን ከእኔ አንሥተው ወደ እሱ መለሱ። እንዲያ ነበር የፈለግኩት፤ ሆነልኝ።

ሁለት የሰፈር ሰዎች ደግፈው ወደ ቤት አመጡት። እየተንገዳገደ በገበያው ጥግ ሲያልፍ የሚያየው ሰው ጠጥቶ ነው የሚል ይመስለኝ ስለነበር እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። እቤት ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ መደብ ላይ ወደቀ። ያስታውከዋል፤ ስቅ ይለዋል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። «ተናገር እንጂ!» አልኩት። «ያደረግኸውን ተናገርና ይውጣልህ!» ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አልሰማሁትም። ምግብ አልሠራሁለትም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ጊዜ፣ በቃ አመነ አልኩ ለራሴ። ራሴን አውቃለሁ፤ እኔ ንጹሕ ከሆንኩ የቆሸሸው እሱ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ቀላል ሆኖ ነበር የታየኝ።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ በሩን አንኳኩታ ገባች። ሙስሊም ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ የእኛን ሐዘንና ደስታ ከእኛ እኩል ታውቃለች። የደብሩን ወሬ ሰምታለች፤ ሳትሰማ አትቀርም። ግን ስለ እሱ አንድ ቃል አላነሣችም። በብረት ኩባያ ከእሳት የወረደ አጥሚት ይዛለች፤ ጆሮውን በጨርቅ ጠቅልላ።

«መምሬ፣ አፍያ ይስጥዎት» አለች። «እስቲ በአላህ ይሁንብዎ፣ ሁለት ጉንጭ ይበሉልኝ። ኩባያውን በጨርቁ ይያዙት፤ ያቃጥላል።»

እሱ ግራ እጁን ዘረጋና ጨርቁን ትቶ የኩባያውን ሆድ ጭብጥ አድርጎ ያዘው።

«ኧረ ያረቢ! ያቃጥላል እኮ!» ጮኸች።

አየት አደረጋት። ለምን እንደጮኸች የገባው አይመስልም። ኩባያውን እንደያዘ ወደ አፉ አስጠግቶ ጎንጨት አለ። ወዲያው ታነቀ፣ ሳለ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ አጥሚቱም በአፍንጫው ተመለሰ።

ቆሜ ቀረሁ። ትላንት መቅደስ ውስጥ ሆነ የተባለው ይኸው ዐይኔ ሥር ሆነ። የተመለሰው ግን ቁርባን አልነበረም። የዘሀራ አጥሚት ነው። የዘሀራ አጥሚት ደግሞ የማንንም ኃጢአት አይመረምርም።

ኩባያውን ነጠቅኩት፤ ጣቶቼን ፈጅቶኝ ከእጄ ወደቀ። መዳፉን ገልብጬ ሳይ ቆዳው ውኃ ቋጥሯል። «አያምህም?» አልኩት። አያመኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ኩባያውን በጨርቅ አንሥቼ ቀኝ እጁን በእሱ ነካ ሳደርገው ደንግጦ ሰበሰበው። ግራውን ነካሁት፤ ዝም። እንደገና ነካሁት፤ ዝም።

«ብርቄ» አለች ዘሀራ፣ «ሰውየው ታሟል እኮ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው የቆምሽ?»

ልጇ ባጃጅ ስላለው እሱን ጠርታ፣ ደግፈን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው።

ያየው ሐኪም ወጣት ነው። ግፊቱን ለካ፤ ፊቱ ተለወጠ። አፉን አስከፍቶ «ኣ» አስባለው፤ በባትሪ አየና እንጥሉ ወደ አንድ በኩል መሳቡን ነገረኝ። ስለ ግራ እጁ ስነግረው ቶሎ ቀና አለ። ከዚያ «የግፊት መድኃኒት ይወስዳል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩ በኩራት። መልካሙ ከአልጋው ላይ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ቀና ብሎም የሰማውን ነገረኝ። ኪኒኑ የሚዋጠው ጠዋት ነው። ለቅዳሴ የገባ ሰው ደግሞ ጠዋት ውኃ አይቀምስም። መልካሙ ሰሞነኛ በሆነ ቁጥር ኪኒኑን ትቶታል፤ ማታ መዋጥ ይችል እንደሆነ ማንንም አልጠየቀም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሰማው። እኔ ትላንት ቀኑን ሙሉ ተናገር እያልኩ ስጮህበት ጆሮዬን አላስጠጋሁም።

«ከእንግዲህ በአፉ ውኃ እንኳ እንዳትሰጪው» አለኝ። «ወደ ሳንባው ይገባል። ስትሮክ ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው፤ ቦታው አደገኛ ነው። ወደ ደሴ መሄድ አለበት።»

በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገቡለት። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ እስኪጣራ ድረስ ያለቀስኩትን አልረሳውም። ተከፍቷል ሲባል በአምቡላንስ ወጣን። ነርሷ ከአጠገቤ ተቀመጠችና «ደረቱን አትልቀቂ» አለችኝ። «በእንቅልፉ ትንፋሹን ሊረሳ ይችላል። የቆመ ሲመስልሽ ስሙን ጠርተሽ ቀስቅሺው።»

ሰው ትንፋሹን ይረሳል? ከአቀስታ በላይ ያለው ብርድ በመስኮቱ እየገባ ዐይኔን ከደረቱ ላይ አልነቀልኩም። ይነሣል፤ ይወርዳል። ይነሣል። ጉጉፍቱ የሚባለውን ከፍታ ስናልፍ ደረቱ ወረደና አልነሣ አለ። «መልካሙ!» አልኩ። የለም። «መልካሙ! መልካሙዬ!» ነርሷ ደረቱን በጉልበት ስታሸው ከረጅም እንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና ዐይኑን ገለጠ። አንደኛው እንደ ተከደነ ነው። አየኝ።

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ነርሷን አፈርኳት። ግቢ ሙሉ ሰው ፊት ለመክሰስ ያላፈርኩት ሴት፣ አንዲት የማላውቃት ነርስ ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ደሴ በኤምአርአይ ታየ። ያስረዳችኝ ዶክተር አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየችኝ።

«የአንጎል ግንድ ይህችን ታክላለች» አለች። «አንጎል ወደ ታች ወርዶ ከህብለ ሰረሰር ጋር የሚገናኝባት ናት። የመጨረሻ ክፍሏ ሜዱላ ትባላለች። ከሰውነት የሚወጣው ስሜት፣ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉ በእሷ ያልፋል። መዋጥ፣ ድምፅ፣ ሚዛን፣ ትንፋሽ፣ ሁሉም እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ነው ያሉት። የእሱ በቀኝ ጎኗ በኩል ያለው ደም ሥር ተዘግቶ ትንሽ ቦታ ሞታለች።»

«ታዲያ ግራ እጁ ለምን?»

«የእጅና የእግር የሙቀትና የሕመም ስሜት ገና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሳለ ወደ ማዶ ይሻገራል። ስለዚህ የግራ እጁ ስሜት ሜዱላ ሲደርስ የሚያልፈው በቀኟ ነው። የፊት ስሜት ግን እዚያ ቦታ ላይ ገና አልተሻገረም። እዪው፣ ፊቱ በቀኝ፣ ሰውነቱ በግራ ነው የደነዘዘው። እንዲህ ተሻግሮ ስናገኘው ጉዳቱ የት እንደሆነ ፎቶው ሳይመጣ እናውቃለን። ጉልበቱን የሚያዘው መስመር በሌላ በኩል ስለሚያልፍ አልተነካም፤ ለዚህ ነው ትኩሱን ኩባያ አጥብቆ የያዘው። መንገዳገዱ፣ ስቅታው፣ የዐይኑ መከደን፣ የድምፁ መሻከር፣ አለመዋጡ፣ የሁሉም ምክንያት አንድ ነው።»

አንድ በአንድ ስትጠራቸው እኔም አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ግንቡን መያዙ፤ እኔ ኃፍረት አልኩት። ዐይኑ መከደኑ፤ ኃጢአት አልኩት። ዝም ማለቱ፤ አመነ አልኩት። ይባስ ብሎ ደግሞ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ «የአንጎል ግንድ መተንፈስንና መዋጥን ይቆጣጠራል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፤ ለፈተናም ይመጣል። ባሌ መዋጥ ሲያቅተው ግን የት አደርክ አልኩት። ከዶክተሯ ፊት ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ መስታወቱን ላለማየት ጎንበስ ብዬ።

ከሞት ተርፎ ወደ ቤት ስንመለስ ቱቦው ከአፍንጫው አልወጣም ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ዘሀራን አጠገቡ ትቼ ብቻዬን ወደ ደብሩ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ዛፍ ሥር ቆምኩና ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «የዚያን ዕለት ስለ መምሬ የተናገርኩት ውሸት ነው። ከእሳቸው ያየሁት አንድ ነውር የለም። ታመው ነው። ከእኔ ላይ ዐይናችሁን ለማንሣት ነው የተናገርኩት።»

አለቃ ይርዳው አለቀሱ። «እኛም ሳናይ ፈረድን» አሉ። በኋላም ብዙ ሰው ቤታችን መጥቶ መልካሙን ጠየቀው። ነገር ግን ከግቢው ስወጣ አንዲት አሮጊት ለጓደኛዋ «ምን ታድርግ፣ ባሏን ለማዳን እኮ ነው» ስትል ሰማኋት። ክሱን ያለ ማስረጃ አመኑኝ፤ እውነቱን ስነግራቸው ግን የሚስት ደግነት ነው ብለው አለፉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ውሸት አይደለም።

ይቅርታ የጠየቅኩት በዚያው ቀን ነው። መደቡ አጠገብ ተንበርክኬ እግሩን ያዝኩ። ድምፁ በጥቂቱ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ሻካራና ቀጭን ሆኖ። እንደ ልማዱ አስቦ አስቦ፣ ስቅታውን አሳልፎ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ግን ለእነሱ ከመናገርሽ በፊት እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለ።

 

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ልመክራችሁ አይደለም፤ ምክር ለመስጠት ፊት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በቤታችሁ ያለ ሰው ድንገት ቢንገዳገድ፣ ቢታነቅ፣ ድምፁ ቢዘጋ፣ ፊቱ ወይ እጁ ቢደነዝዝ፣ ኃጢአቱን ከመፈለጋችሁ በፊት ሐኪም ፈልጉለት። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ጿሚ ካላችሁ መቼ መዋጥ እንዳለበት ሐኪሙንም የንስሓ አባቱንም ጠይቁለት፤ መልካሙ ዛሬ ማታ ማታ ነው የሚውጠው፣ ጾሙም አልተሻረበትም። እኔም ክፍል ውስጥ ያቺን አንዲት መስመር ጽፌ አላልፍም። አውራ ጣቴን አሳያቸዋለሁ።

ከወራት በኋላ መዋጥ ቻለ። አባቶች መክረው፣ ጸሎት አድርሰው ወደ አገልግሎቱ መለሱት። ዜማ እንደ ድሮው አይሆንለትም፤ ለድምፁ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። ግን ይቆርባል፤ ይዋጥለታል። ግራ እጁ ዛሬም ትኩስ አይለይም፤ ኩባያውን እኔ ቀድሜ እነካለታለሁ።

በየተራው ሰሞነኛ ይሆናል። ሳምንቱን እያደረ፣ ጠዋት ጠዋት አገልግሎቱን ሲጨርስ ይደውልልኛል። ደኅና አደርሽ ካለኝ በኋላ በዚያ በሻከረ ድምፁ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። «ሌሊቱን ከሰሞነኛው ከአባ ወልዴ ጋር ጎጆዋ ውስጥ ነው ያደርኩት።» በማግሥቱም፣ «ትላንትም እዚያው ነው ያደርኩት።» ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም፤ እሱን አውቀዋለሁ፣ ተንኮል የለበትም። አንድ ጊዜ እያለቀስኩ «ተው መልካሙ፣ አትንገረኝ፣ አልጠየቅኩህም» አልኩት።

«ግድ የለም» አለኝ፣ «እንድታውቂው ብዬ ነው።»